ፋይሉ ዲስክ ላይ፣ ወሬው ዳታቤዝ ውስጥ

የጋራ ፎልደር ያለበት ቢሮ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። «ሪፖርት»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «ሪፖርት የመጨረሻ በቃ ይሄ ነው»። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዕረፍት ወጥቷል፣ ስልኩም አይነሳም። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ «ቆይ፣ ይሄን ነገር ዳታቤዝ እንሥራለት» አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ! ሐሳቡን ያመጣ ሥራውንም ተረከበ።

መጀመሪያ አቋራጭ መረጥኩ። የኤስኪዩላይት ዳታቤዝ ፈጠርኩና እዚያው የጋራ ፎልደር ውስጥ ዶልኩት። ኤስኪዩላይት ግሩም ነገር ነው፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም ይጠቀምበታል። ግን ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፣ ሁለት ሰው እኩል እንዳይጽፍበት የሚጠብቀው የፋይል ቁልፍ ነው፣ ያ ቁልፍ ደግሞ በኔትወርክ በኩል ሲሆን ሁልጊዜ አይታመንም። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በግልጽ ጽፈው አስጠንቅቀዋል። እኔ ያነበብኩት ዳታቤዙ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወደ ፖስትግሬስ ዞርኩ፤ ብዙ ሰው በኔትወርክ እኩል የሚጠቀምበት የዳታቤዝ ሰርቨር ነው። ሊኑክስ ላይ መጫኑ ቀላል ነው። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከሌላ ኮምፒውተር ለመግባት ስትሞክሩ ነው፤ ግንኙነቱን እምቢ ይላችኋል። አልተበላሸም። እንደተጫነ የሚሰማው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነው። ሁለት በር አለው በሉት። የውጭው በር «ሊስን አድሬስስ» የሚባለው ሴቲንግ ነው፤ በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ ይወስናል፣ ሲቀየር ሰርቨሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት። የውስጡ «ፒጂ ኤችቢኤ» የሚባል ፋይል ነው፤ ማን፣ ከየት፣ ወደ የትኛው ዳታቤዝ፣ በምን ማረጋገጫ እንደሚገባ መስመር በመስመር ይጻፍበታል፣ ለሱ ሪሎድ፣ ማለትም ሰርቨሩ ሳይጠፋ ሴቲንጉን ዳግም ማስነበብ፣ ይበቃል። ሰው እዚህ ጋ ሲቸኩል ሁሉንም አድራሻ ይፈቅድና ማረጋገጫውን «ትረስት» ያደርገዋል። ያለ ፓስወርድ ግቡ ማለት እኮ ነው! የቢሮውን ኔትወርክ ብቻ ጻፉ፣ ማረጋገጫው ፓስወርድ የሚጠይቀው «ስክራም» ይሁን፣ ፖስትግሬስ የሚሰማበትን ፖርት 5432ንም ለኢንተርኔት አትክፈቱ።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ መጣ፤ ፋይሎቹ ራሳቸው ዳታቤዙ ውስጥ ይግቡ ወይስ ዲስክ ላይ ይቅሩ? ማስገባት ይቻላል። የፋይል ይዘት እንዳለ የሚገባበት አንድ የ«ባይትኤ» ሕዋስ እስከ 1 ጊጋባይት ይይዛል፣ ለትንንሽ ፋይሎችም አይከፋም። ግን ቪዲዮና ስካን የተደረገ ሰነድ ሲከማችበት ባክአፑ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ መልሶ ማውጣቱም ቀን ይፈጃል። እኔ ፋይሉን ዲስክ ላይ ተውኩት፣ ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ወሬው ብቻ ነው፤ ስሙ፣ ያስገባው ሰው፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ አሻራው።

አሻራው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በዚህ ሥራ የምወደው ክፍል ነው። «ሻ-256» የሚባለው ስሌት ከፋይሉ ይዘት 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል። ዲስኩ ላይ ፋይሉ የሚቀመጠው በዚያ አሻራ ስም ነው፣ ሰው የሚያየው ስም ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ስም ቀየራችሁ? አንድ ረድፍ ተቀየረ እንጂ ዲስኩ ላይ ማንም ምንም አልነካም። አንድ ፋይል አሥር ቦታ ኮፒ ቢደረግም ዲስኩ ላይ ያለው አንዱ ነው። አሮጌውን ፎልደር ሳስገባ እነዚያ ሦስት ሪፖርቶችም አለፉ። «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ በቃ ይሄ ነው» አሻራቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ!

ማስተዳደሩ ላይ ደግሞ አንድ ጠዋት ጉድ ሆንኩ። ቴብሉ ላይ አንድ ዓምድ ልጨምር ብዬ ትእዛዙን ሰጠሁ፣ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ሲስተሙ ቆሟል» የሚል ስልክ መምጣት ጀመረ። ዓምድ መጨመር ቴብሉን ለብቻው መያዝ ይፈልጋል፤ ከፊቱ ያልተዘጋ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም የሚሰረዝ የሥራ ጥቅል) ካለ ይጠብቃል፣ ከኋላው የመጡት ተራ ጥያቄዎች ሁሉ ደግሞ እሱን ይጠብቃሉ። ማን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ»ን ከፍቼ ጥፋተኛውን ፈለግኩ። ከጠዋት ጀምሮ ትራንዛክሽን ከፍቶ የተቀመጠ አንድ ዩዘር አለ። እኔው ነኝ፣ በሌላ መስኮት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈቶ የተከፈተ ትራንዛክሽን ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲቋረጥ አድርጌያለሁ፣ የራሴንም ጨምሮ።

ባክአፕ ላይ የተሳሳትኩት በቅደም ተከተሉ ነው። በየሌሊቱ ፋይሎቹን ኮፒ አደርግ ነበር፣ ቀጥሎ የፖስትግሬስን ዳታቤዝ ኮፒ በሚያወጣው «ፒጂ ደምፕ» ዳታቤዙን። ለሙከራ ሌላ ማሽን ላይ መልሼ ሳቆመው 11 ረድፎች ፋይላቸው የለም። ኮፒው ካለፈ በኋላ፣ ደምፑ ሳይጀምር የገቡ ናቸው። ገለበጥኩት። አሁን ደምፑ ይቀድማል፣ ፋይሎቹ ይከተላሉ። ፕሮግራሙም መጀመሪያ ፋይሉን ዲስክ ላይ ጽፎ ይጨርስና ነው ረድፉን የሚያስገባው፤ ሰው ሲሰርዝ ደግሞ ወዲያው የሚጠፋው ረድፉ ብቻ ነው፣ ፋይሉ 30 ቀን ይቆያል። እንዲህ ሲሆን በደምፑ ውስጥ ያለ ረድፍ ሁሉ ፋይሉን ያገኛል። ባለቤት የሌለው ትርፍ ፋይል ሊኖር ይችላል፣ እሱ ግን ማንንም አይጎዳም።

በየወሩ አንድ ቀን ባዶ ማሽን ላይ ሁለቱንም መልሼ አቆምና ፋይል የሌለውን ረድፍ እቆጥራለሁ። ባለፈው ወር ዜሮ ነበር። የዚህን ወር ገና አልሠራሁም፤ ዲስኩ 91 በመቶ ሞልቷል፣ መጀመሪያ እሱን ልየው።