ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርስ ስፒከር

ሰርግ ላይ ጊታር የምጫወት ሙዚቀኛ ነኝ። ለብዙ ዓመታት ከባድ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ተሸክሜ ስዞር ኖሬ ወደ ዲጂታል ሞደለር ገባሁ። እግር ሥር የሚቀመጥ ሣጥን ነው። አምፑንም፣ የአምፑን ስፒከርም፣ ፊቱ የሚቆመውን ማይክ ሳይቀር አስመስሎ ይዟል። የጎደለኝ መድረክ ላይ ራሴን የምሰማበት ስፒከር ብቻ ነበር።

ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ከስልኩ ዘፈን ከፈተልኝ። ቤዙ ደረት ይመታል፣ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። እዚያው ከፈልኩና ይዤው ወጣሁ።

ቅዳሜ ሰርግ ነበረን። ሳውንድ ቼኩ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ፣ በጥድፊያ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለብቻዬ ስሞክረው የጊታሬ ድምፅ ከታች ያጉረመርማል፣ ከላይ ጆሮ ይወጋል። ጎንበስ ብዬ ሞደለሩ ላይ ቤዙን ቀነስኩ፣ ትሬብሉን ቀነስኩ፣ መሃሉን ከፍ አደረግኩ። እኔ በቆምኩበት ቦታ ግሩም ሆነ።

ሙሽሮቹ ገብተው ጥቂት እንደተጫወትን ሳውንድ ማኑ መድረኩ ጥግ መጣ። «ወንድሜ፣ ጊታርህን ምን ነካው? አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ሆነብኝ እኮ!» አላመንኩትም። በእረፍት ሰዓት ሚክሰሩ ጋ ወስዶ የቀዳውን በሄድፎን አሰማኝ። እውነቱን ነበር። ልቤ ስብር አለ። ሰርግ ለባለቤቶቹ የማይደገም ቀን ነው፤ እኔም ያንን ቀን ነበር የማበላሸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞደለሩ ሁለት መስመር ይወጣል፤ አንዱ ድምፁን ወደ ሕዝቡ ወደሚልከው ሚክሰር፣ አንዱ ወደ እኔ ስፒከር። ያ ስፒከር ዘፈን እንዲያምርበት ቤዝና ትሬብል ከራሱ ይጨምራል። እኔ እሱ የጨመረውን ላጠፋ ስል፣ ወደ ሕዝቡ የሚሄደውን ደህና ድምፅ አበላሸሁት።

የጊታር አምፕ ስፒከር የራሱ ቀለም አለው። ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን በአብዛኛው ይቆርጠዋል፤ የምንወደው ሙቀትም በከፊል የሚመጣው ከዚያ ነው። ሞደለሩ ይህን ቀለም አስቀድሞ ቀብቶታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስፒከር ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ ብቻ ነው ያለበት።

ሁለተኛውን ልገዛ ስሄድ ሞደለሬን፣ ጊታሬንና ማይክ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ በማይኩ እንዲናገር አደረግኩ። የሰውን ድምፅ ጆሯችን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ደረቱ ከበዛ ወይም አፍንጫው ከገባበት ወዲያው ይታወቃል። እንደኔ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ከዚያ በመድረክ ልክ ከፍ አድርጌ ተጫወትኩ። ቤት ውስጥ ቀስ ተብሎ የተሠራ ድምፅ ሲጮህ ቤዙና ትሬብሉ የበዛ ይመስላል፤ የጆሯችን ተፈጥሮ ነው። ወደ ጎንም እየሄድኩ ሰማሁ፣ ድምፃዊዋ የምትቆመው እዚያ ነውና። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አላየሁትም፤ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበትን ጫፍ ነው የሚጽፉት። ከጀርባ ያለችውን ማብሪያ ግን አየሁ። «ሙዚቃ» ወይም «ንግግር» የሚሉ ምርጫዎች ካሉ ሁለቱም ቀለም ይጨምራሉ፤ «ፍላት» ላይ፣ ማለትም ምንም በማይጨምረው ላይ፣ ነው መደረግ ያለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ስፒከር ወለል ላይ ሲቀመጥ ቤዙ ይጨምራል። ጥሩውም ቢሆን። እኔ አሁን ወንበር ላይ ከፍ አድርጌ ወደ ጆሮዬ አዘነብለዋለሁ። የግድ ማስተካከል ካለብኝም ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን መስመር ኢኪው (የቤዝና የትሬብል ማስተካከያ) ብቻ ነው የምነካው።

በሚቀጥለው ሰርግ ያው ሳውንድ ማን ነበር። በሳውንድ ቼኩ የትዝታ ሐረግ ሉፐሩ ላይ ቀድቼ እየተደጋገመ እንዲጫወት ተውኩትና ወደ አዳራሹ መሃል ወረድኩ። ባዶዎቹ ወንበሮች መካከል ቆሜ አዳመጥኩ። መድረክ ላይ የሰማሁት ያው ትዝታ ነበር።