ወንዝ ያልተሻገረው ሹመት

ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውን ወርጄ፣ ኤም ስትሪት ቁጥር 3350 ካለው ቀይ የጡብ ቤት ፊት ቆምኩ። ሰማያዊና ቢጫ ባንዲራ ይታይበታል። የዩክሬን ኤምባሲ ነው። ያደረሱኝ ጋሼ እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። «በዚህ በር ስንቱን አውርጃለሁ፤ የማን ቤት እንደነበር ግን ጠይቄም አላውቅ» አሉኝ።

የዊሊያም ማርበሪ ቤት ነበር። ስሙን የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የሰማሁት ማታ ማታ በምማርበት ኮሌጅ ነው። አስተማሪው ስለ ሕገ መንግሥቱ ብዙ አስረዳን። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው ለየትኛው ወንበር ነው?

ለትንሽ ወንበር ነው። ጀስቲስ ኦቭ ዘ ፒስ ይሉታል። እኛ አጥቢያ ዳኛ ብንለው ይቀርበዋል። ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። የሚያየው የገንዘብ ክርክር ከ20 ዶላር አያልፍም። ማርበሪ ደግሞ የታወቀ ባለ ገንዘብ ነበር። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው መኪናቸውን ዳር አስይዘው ይሰሙኛል። «ታዲያ ሰውዬው ወንበሩን አገኘ?» አሉ። ወዲያው ስልካቸው ጠራ፣ ደንበኛ ነው። «ማታ ትነግሪኛለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1800 ምርጫ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በቶማስ ጀፈርሰን ተሸነፈ። የአዳምስ ወገኖች፣ ፌዴራሊስቶቹ፣ ምክር ቤቱንም አጡ። የቀራቸው ፍርድ ቤቱ ብቻ ነበር። ከመውጣታቸው በፊት ሮጡ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1801 አሥራ ስድስት አዲስ የፌዴራል ዳኝነት ቦታ ፈጠሩ። ፌብሩዋሪ 27 ደግሞ ዋና ከተማውን በሁለት አውራጃ ከፍለው፣ ፕሬዚዳንቱ ይበቃል ያለውን ያህል አጥቢያ ዳኛ እንዲሾም ፈቀዱለት። አዳምስ ማርች 2 ቀን 42 ስም ላከ፤ 23 ለዋሽንግተን፣ 19 ለአሌክሳንድሪያ። ማርበሪ ከነዚህ አንዱ ነው። ሴኔቱ በማግስቱ አጸደቀ። ሥልጣኑ ሊያበቃ የቀረው አንድ ሌሊት ነበር።

በዚያው ሳምንት ለከተማው አዲስ ፍርድ ቤት ከተሾሙት ዳኞች አንዱ ዊሊያም ክራንች ነው። የአዳምስ ሚስት የእህት ልጅ ነው። ሌላው ጄምስ ማርሻል ነው። ወንድሙ ጆን ማርሻል በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበር። በሹመት ደብዳቤው ላይ ማኅተም የሚያሳርፈው እሱ ነው። እኛ ደጅ ጥናት የምንለውን ነገር እነዚህ ሰዎች በጠባብ ክበብ ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ጨረሱት። ሐቁን ለመናገር ግን ክራንች እስከ 1855 ድረስ ዳኛ ሆኖ ኖረ። በ1806 የፍርድ ቤቱ የበላይ ያደረገው ጀፈርሰን ራሱ ነው። በዝምድና የገባ ሁሉ መጥፎ ዳኛ ይሆናል ማለት አልችልም። የሚከብደኝ ባለጉዳዩ ነው። ፊቱ የተቀመጠው ዳኛ ለማን ውለታ እንዳለበት በምን ያውቃል?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት የሁለት ሳምንት ደሞዜን የከለከለኝ ሰው ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሹ ፍርድ ቤት ከሰስኩት። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር። የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ዳኛዋ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የታጠፈውን በእጇ እየዳበሰች አቀናች። ከዚያ ሰውዬውን ጠየቀችው። በሩብ ሰዓት አለቀ። ስለ ሕገ መንግሥት ያወራ ሰው አልነበረም። ለእኔ ግን አሜሪካ የሚባለው መንግሥት በዚያ ቀን የዚያችን ሴትዮ ፊት ይዞ ነው የታየኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዳኞችን የሚመርጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ከጆርጅታውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መግቢያው ነፃ ነው። ታችኛው ፎቅ ላይ የጆን ማርሻል የነሐስ ሐውልት ወንበር ላይ ተቀምጧል። በእሱ ዙሪያ ግድግዳው ላይ በማርበሪ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ቃል ተቀርጿል። ሕጉ ምን እንደሚል መናገር የፍርድ ቤት ሥራና ግዴታ ነው ይላል። የትምህርት ቤት ልጆች እየተገፋፉ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። የማርበሪና የሌሎቹ የሹመት ደብዳቤዎች ተፈርመው፣ ማኅተም ተመቶባቸው፣ ሳይደርሱ የቀሩት በራሱ በማርሻል ቢሮ ነበር። ፍርዱን የሰጠውም እሱ ነው። ዛሬ ቢሆን ከችሎት ተነሣ ይባል ነበር።

ማርበሪ ከሦስት የአሌክሳንድሪያ ሰዎች ጋር፣ ከዴኒስ ራምሴ፣ ከሮበርት ሁ እና ከዊሊያም ሃርፐር ጋር በ1801 መጨረሻ ከሰሰ። ተከሳሹ አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰን ነው። አዲሱ ምክር ቤት ችሎቱ የሚሰየምበትን ጊዜ ለወጠው፤ ፍርድ ቤቱ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይሰየም ቀረ። ውሳኔው የተሰማው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1803 ነው። አንዱ ዳኛ ስለታመመ ችሎቱ እሱ ባረፈበት ሆቴል ውስጥ ተቀመጠ። ማርበሪ መብት አለው፣ ደብዳቤው ሊሰጠው ይገባል አሉ። ግን እኛ ማዘዝ አንችልም፤ ሥልጣን የሰጠን የ1789 ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አሉ። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ፍርድ ቤቱ ሲሽር የመጀመሪያው ነው። መጽሐፍ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው። ማርበሪ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ።

ላንፋንት ፕላዛ ላይ ቢጫውን መስመር ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር ሁሌም ስልኬን አስቀምጣለሁ። በ1801 እዚህ አካባቢ ድልድይ አልነበረም። ጄምስ ማርሻል በኋላ በቃለ መሐላ እንደተናገረው፣ ማርች 4 ቀን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሌሊቱን ረብሻ ሊነሳ ይችላል የሚል ወሬ ሰማ። ወዲያው ከዋሽንግተን ወደ ቤቱ ለመመለስ ተነሣ፤ ሲያልፍም ደብዳቤዎቹን ለመውሰድ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቢሮ ጎራ አለ። ወደ 12 የሚሆኑ ነበሩ። ተቀብያለሁ ብሎ ፈረመ። ከዚያ ሁሉንም ለመሸከም እንደማይመቸው አየ። ጥቂቶቹን መለሰ። በፈረመበት ወረቀት ላይ የተመለሱትን ሰዎች ስም በብዕር ሰረዘ። የሁ እና የሃርፐር ስም ከተሰረዙት መካከል ነበር።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ እጄን ተመለከትኩ። አሥራ ሁለት ደብዳቤ ምን ያህል ይከብዳል? እኛ «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር» እንላለን። እዚህ ግን አንዳንዶቹ ደብዳቤዎች ውኃውን ሳይሻገሩ ቀሩ። ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን ጀፈርሰን አገኛቸው፤ እንዳይሰጡ ከለከለ። የዳኞቹን ቁጥር ወደ 30 አወረደ። ከአዳምስ 42 ሰዎች 25ቱን ግን መልሶ ሾማቸው። ስለዚህ እሱም ሥርዓቱን አልጠላውም። የሚመርጠው እጅ የእሱ እንዲሆን ነው የፈለገው።

ኪንግ ስትሪት ላይ ወርጄ እስከ ፌርፋክስ ጥግ በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ያለው ቤት የራምሴ ቤተሰብ ነበር። ዴኒስ ራምሴ የከተማው ከንቲባ ነበር፤ የጆርጅ ዋሽንግተንን አስከሬን ካጀቡት አንዱ ነው። ሁ ደግሞ የመጀመሪያው ከንቲባ ነው። እነዚህ ሰዎች ወንበሩ ቢቀርባቸው ጾማቸውን አያድሩም።

ከዚያ ዱክ ስትሪት 1315 ሄድኩ። ከ1828 ጀምሮ ፍራንክሊን እና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ሰው ይሸጡበት የነበረ ቤት ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። በዋና ከተማው ክልል ውስጥ የነበረችው አሌክሳንድሪያ በ1847 ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰች። በቨርጂኒያ ሕግ በባርነት የተያዘ ሰው በከባድ ወንጀል ሲከሰስ የሚፈርዱበት እነዚሁ አጥቢያ ዳኞች ነበሩ፣ ያለ ጁሪ። ዳኞቹ ደግሞ ተተኪያቸውን ራሳቸው ያጩ ነበር፤ ገዢው ይፈርማል። ሕዝብ የሚመርጣቸው ከ1851 ሕገ መንግሥት በኋላ ነው፣ ሕዝብ ማለት ግን ነጭ ወንድ ብቻ ነው። ከቤቱ ፊት ብዙ ቆየሁ። የ20 ዶላር ዳኛ የሚባለው ሰው ለእነዚያ ሰዎች የሕይወትና የሞት ዳኛ ነበር። ማን እንዲሾመው ማንም አልጠየቃቸውም።

ሲመሽ ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። ጋሼ ደወሉ።

«ታዲያ ሰውዬው?»

«አላገኘም ጋሼ።»

«ፈርመውለት? ማኅተም ተመቶለት?»

«ማኅተም ተመቶለት።»

ትንሽ ዝም አሉ። «በይ የት ነሽ፣ ልምጣና ልውሰድሽ፤ መንገድ ላይ ከመጀመሪያው ትነግሪኛለሽ።»