ላብሪንት፦ መሬት ላይ አሠራሩና አረማመዱ

ላብሪንት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ገብተው የሚጠፉበት መንገድ ነው። ለጸሎት የሚረገጠው ግን ማደናገሪያ የለውም፤ መንገዱ አንድ ነው፣ መሐል ያደርሳል፣ በዚያው ያስወጣል። ዝነኛው በፈረንሳይ የሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተነጠፈው ነው፦ 11 ዙር፣ ስፋቱ 13 ሜትር ገደማ፣ መንገዱ ወደ 260 ሜትር። ለጀማሪ እሱን መቅዳት ግን ድካም ነው። ለጥንታዊው ባለ 7 ዙር ላብሪንት ሲባጎ፣ ችካልና ኖራ ይበቃል።

10 በ10 ሜትር ሜዳ ፈልጉ፤ የመንገዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከታችኛው ዳር 3 ሜትር ገባ ብላችሁ፣ ከግራና ቀኝ እኩል ርቃችሁ፣ አራቱም ክንዱ 1.20 ሜትር የሆነ መስቀል አስምሩ። በአራቱ ክንዶች መካከል፣ ከሁለቱም ክንድ 60 ሳንቲ ርቆ፣ አንዳንድ ማዕዘን ይሠራል፤ ሁለቱ መስመሮቹ 60፣ 60 ሳንቲ ሆነው ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። መስቀሉን ልክ በጫፎቹ በሚያቅፈው ካሬ (2.40 በ2.40 ሜትር) አራት ጥግ ደግሞ አንዳንድ ነጥብ። ጫፍና ነጥቡ ሲቆጠር 16 ነው።

ችካሉ ከመስቀሉ አናት 30 ሳንቲ ወደ ቀኝ ይተከላል። ሲባጎውን 30 ሳንቲ አድርጋችሁ የመስቀሉን አናት በቀኙ ካለው ጫፍ ጋር በቅስት አገናኙ። ከዚያ 60 ጨምሩና በግራ ያለውን ተከታይ በቀኝ ካለው ተከታይ ጋር፤ እንዲህ እያለ 8ኛው ቅስት ላይ ሲባጎው 4.50 ሜትር ይደርሳል። ከ3ኛው ጀምሮ ቅስቱ ጫፉ ላይ ስለማያርፍ ቀሪውን በእጅ ማጠፍ ነው። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ነጥቦቹ እንደ ጌጥ ተቆጥረው ሲዘለሉ ነው፤ አንዷ ከተዘለለች መንገዱ አንድ ቦታ ይዘጋል። ሳይገናኝ የቀረ ጫፍ ካለ ኖራ ሳትበትኑ መልሱት።

መግቢያው ከመስቀሉ እግር በስተግራ ነው። ከውጭ ሲቆጠር የሚጀመረው በ3ኛው ዙር ነው፤ ቀጥሎ 2፣ 1፣ 4፣ 7፣ 6፣ 5፣ ከዚያ መሐል። ወደ ውስጥ ገባሁ ያለ ሰው መልሶ ዳር ይወጣል ማለት ነው። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል፤ ጸሎቱ የሚጠቅመውም እዚሁ ነው። አንድ አጭር ጸሎት ይዞ መግባት ይሻላል፤ መታጠፊያ የሚቆጥር ሰው ሐሳቡ እግሩ ላይ ይቀራል። መሐል ላይ የፈለጉትን ያህል መቆም ይቻላል።

የሚገባና የሚወጣ ሲገናኙ አንዱ ወደ ጎን ይላል። ብዙ ሰው አቅጣጫው የሚጠፋበት እዚህ ላይ ነው፦ ዞሮ ይቆምና ሲመለስ ወደመጣበት ይሄዳል፣ ሳያስበውም መግቢያው ላይ ይደርሳል። ስታሳልፉ የእግራችሁ ጣት ከመንገዱ አቅጣጫ አይዙር።