ንድፉ የማይነግረው ቮልቴጅ፦ የጊታር ፔዳል መሥራትን የተማርሁበት መንገድ

የጊታር ፔዳሎችን፣ ማለትም በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ገብተው ድምፁን የሚለውጡ ትንንሽ ሣጥኖችን፣ ራሴ ለመሥራት ስነሣ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት አልነበረኝም። በእጄ የነበሩት አንድ ርካሽ መልቲሜትር (ቮልትና ኦም መለኪያ)፣ አንድ መበየጃ፣ ከተበላሹ ቴፖችና ሬዲዮኖች የተፈቱ ዕቃዎች፣ እንዲሁም ከሃምሳ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ የኖሩ የሰርኪዩት ንድፎች ነበሩ። ንድፎቹ ሬዚስተሩ ስንት ኦም፣ ካፓሲተሩ ስንት ማይክሮፋራድ እንደሆነ በትክክል ይናገራሉ፤ በየትኛው ነጥብ ላይ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበት ግን አብዛኞቹ አይጽፉም። እኔም ከተማርሁት የሚበዛው ይህን ያልተጻፈውን ቁጥር ስፈልግ ያገኘሁት ነው።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኤልፒቢ-1 የተባለው ድምፅ ማጉያ ነበር። አንድ ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተርና አንድ የድምፅ መቆጣጠሪያ ብቻ ስላለው ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የባትሪው 9 ቮልት በ430 ኪሎኦምና በ43 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሲከፋፈል ቤዝ፣ ኢሚተርና ኮሌክተር ከሚባሉት ሦስት የትራንዚስተሩ እግሮች ቤዙ 0.8 ቮልት ያህል ይደርሰዋል። የሲሊኮን ትራንዚስተር ከዚህ ላይ 0.6 ያህሉን ስለሚይዝ፣ በኢሚተሩ በኩል ባለው 390 ኦም ላይ የሚቀረው 0.2 ቮልት ግማሽ ሚሊአምፔር ያህል ያስኬዳል፤ ይኸው ከረንት በኮሌክተሩ 10 ኪሎኦም ውስጥ ሲያልፍ 5 ቮልት ገደማ ስለሚጥል፣ ኮሌክተሩ ላይ 4 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። የጊታሩ ሲግናል ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝበት ቦታ የሚያገኘው ኮሌክተሩ በ9 እና በዜሮ መካከል ሲቀመጥ ነውና፣ ቁጥሩ የዘፈቀደ አይደለም። ይህን በወረቀት ካሰላሁ በኋላ ዕቃዎቹን በብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ ሰክቼ ስለካ ንባቡ ከስሌቱ ጋር ተቀራረበ። ጊታሩን ገና ሳልሰካ ሰርኪዩቱ እንደሚሠራ ማወቅ በመቻሌ የተሰማኝን ደስታ መበየድ ብቻውን አይሰጥም።

ንድፉ የሚጠራው ትራንዚስተር ሁልጊዜ አይገኝም። በ2ኤን5088 ምትክ ቢሲ547ን መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ጠፍጣፋው ፊት ወደ እኛ ሲዞር የመጀመሪያው እግሮች ከግራ ወደ ቀኝ ኢሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ሲሆኑ የሁለተኛው ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ናቸው። ስለዚህ ምትክ ስፈልግ ከማጉላት አቅሙ በፊት የእግሮቹን ቅደም ተከተል አጣራለሁ።

ከዚያ የጊታሩን ድምፅ ሻካራ ወደሚያደርገው ፈዝ ፌስ ተሻገርሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ በአርቢተር ኤሌክትሮኒክስ የወጣው ይህ ፔዳል፣ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ያስከበረው፣ ሁለት ትራንዚስተርና በጣት የሚቆጠሩ ዕቃዎች ብቻ አሉት። ከኤልፒቢው ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ግን በሲሊኮን ፈንታ ከጀርማኒየም የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህም አንዱ ከሌላው እጅግ ይለያያሉ፤ ሁለት ኤሲ128 ከአንድ ሬዲዮ ቢወጡ እንኳ ጠባያቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ለዚህም ነው ንድፉን አንድ በአንድ ተከትለው የሠሩት ሰዎች የተለያየ ድምፅ የሚያገኙት።

እኔ ጀርማኒየሞቹን ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚሸጡ አሮጌ ሬዲዮኖች ነው። የርካሽ መልቲሜትር የትራንዚስተር መለኪያ እዚህ ላይ አያስተማምንም፤ ጀርማኒየም ሳይታዘዝ የሚያሾልከውን ከረንት እንደ ማጉላት አቅም አድርጎ ይቆጥረዋልና። የተሻለው መንገድ ኢሚተሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ኮሌክተሩን ደግሞ በ2.2 ኪሎኦምና በ270 ኦም ተከታታይ ሬዚስተሮች በኩል ከኔጌቲቩ አገናኝቶ፣ ቤዙን ባዶ ትቶ፣ በሬዚስተሮቹ ላይ ያለውን ቮልት ማንበብ ነው፤ ይህ የሾለከው ነው። ቀጥሎ ቤዙ በ2.2 ሜጋኦም በኩል ከኔጌቲቩ ጋር ሲገናኝ ንባቡ ከፍ ይላል። ልዩነቱ በ100 ሲባዛ እውነተኛው አቅም ይገኛል፤ ለምሳሌ 0.2 የነበረው 1.1 ቢሆን ትራንዚስተሩ 90 ያህል ያጎላል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ቦታ ከ70 እስከ 80፣ ለሁለተኛው ከ110 እስከ 130 ያላቸውን መርጬ፣ 8.2 ኪሎኦም የነበረውን ሬዚስተር በሚስተካከል ትሪመር ተክቼ፣ የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር 4.5 ቮልት እስኪያሳይ ድረስ አስተካከልሁት። ሰርኪዩቱ ፒኤንፒ በሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ስለሚሠራና የባትሪው ፖዘቲቭ ከግራውንድ (ቮልት ሲለካ ዜሮ ከሚባለው የጋራ ነጥብ) ጋር ስለሚገናኝ ንባቡ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይኖረዋል። በዚሁ ምክንያት ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ ፓወር ሰፕላይ ማሠራት ሾርት ስለሚያመጣ የራሱን ባትሪ ሰጠሁት። በቀትር ፀሐይ ድንኳን ውስጥ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ሲሊኮን እመክራለሁ፤ ጀርማኒየም ሲሞቅ የሚያሾልከው ከረንት ስለሚጨምር የተስተካከለው ቮልት ይንሸራተታል።

ድምፅ የጠፋበትን ፔዳል ለመመርመር ከመልቲሜትሩ ቀጥሎ የጠቀመኝ ከአምፕሊፋየሩ በሚመጣ ሽቦ ጫፍ ላይ የተበየደ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። የሽቦው ግራውንድ ከፔዳሉ ግራውንድ ጋር ከተያያዘ በኋላ፣ ጊታሩ እየተመታ በካፓሲተሩ እግር ከመግቢያው ጀምሮ ነጥብ በነጥብ ሲነካ ድምፁ የተቋረጠበት ቦታ ወዲያው ይገኛል። ስለ ሣጥኑ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የብረት ሆኖ ከግራውንድ ጋር ከተገናኘ ከውጭ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ይከላከላል።

ስሌቱ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ቲዩብ ስክሪመር የተባለውን ሌላ ድምፅ አሻካሪ ፔዳል ስሠራ ነው። በዚህ ፔዳል የማጉያውን ቺፕ 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከግራውንድ ጋር ያገናኙታል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ቀስ በቀስ እያነሰ እንዲጎላ ያደርጋሉ። ባስ ጊታር ባለበት ባንድ ውስጥ ይህ መልካም ነው፤ ቦታ ይለቅለታልና። እኔ ግን ትዝታን በአንድ ጊታር ብቻ ስለምጫወት የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ ሳሳብኝ። ካፓሲተሩን በ0.1 ስተካው ወሰኑ ወደ 340 ኸርዝ ወረደና ድምፁ ሞላ፤ 0.22 ሳስገባ ግን ሁለት ክር አብሬ ስመታ ድምፁ ስለሚደበላለቅብኝ ወደ 0.1 መልሼ በየድሁት።