የእምዬ ጨው

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ለእምዬ ጨው ይዛላት መጣች። «ግፊት ያለበት ሰው የሚበላው ነው» አለቻት። የእምዬን ደስታ አትጠይቁኝ። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ካላት ወዲህ ወጥ አልጥማት ብሎ ሁለት ሦስቴ ጎርሳ ትነሳ ነበር። እኔ ግን ዕቃውን ገልብጬ አነበብኩት፤ ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ግፊት ይጨምራል። በዚህኛው ግን የሶዲየሙ ከፊል በፖታሲየም ተተክቷል፤ ፖታሲየም ደግሞ ሶዲየሙ በሽንት እንዲወጣ ያግዛል። ቻይና ውስጥ ተመራማሪዎች በ600 መንደሮች ወደ 21 ሺህ ሰው፣ ስትሮክ መቶት የሚያውቅ ወይም ዕድሜው 60 የሞላና ግፊት ያለበት፣ አምስት ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። የግማሹ መንደር ሰዎች ሩቡ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው በሉ፣ የቀሩት የተለመደውን። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ እነሱ ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጨው በመቀየር ብቻ! እኔን በጣም ነው የገረመኝ።

ታዲያ ምን አስፈራኝ? ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል፣ ደም ውስጥ ሲጠራቀም የልብ ምት ያዛባል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ፣ ሊገድልም ይችላል። እምዬ ስኳርም አለባት፤ ስኳር ደግሞ ኩላሊት ሊያደክም ይችላል። የምትውጠው የግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል፣ ራሱ ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ስፓይሮኖላክቶን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ይዣት ሄድኩ፣ ደም ሰጠች፣ ኩላሊቷ ደከም ብሏል ተባልን። ዕቃው እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

እንግዲህ የቀረን የራሳችንን ጨው መቀነስ ነው። በቀን ከ5 ግራም አይለፍ ነው የሚባለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ግን የእኛ ቤት ጨው ማሰሮ ውስጥ ብቻ መች ሆነና! በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባዋል፣ ሽሮውም እንዲሁ፣ ከዚያ ወጡ ሲበስል እንደገና ይጨመራል። በጾም ቀን ሽሮ በላይ በላዩ ስትበላ ምን ያህል እንደሚገባ አስቡት።

ዘንድሮ ከቅዳሜ ገበያ የገዛነውን በርበሬ ያለ ጨው እናስፈጭ ስላት እምዬ «ይበላሽብናል» ብላ አሻፈረኝ አለች። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ለእሷ ብቻ ትንሽ፣ በደንብ አድርቀን፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርቱን አብዝተን ለብቻ አስፈጨን። አሁን ወጧ ላይ የሚገባውን ጨው በማንኪያ ለክታ ትጨምራለች፣ ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች፣ ቃሪያ አይለያትም። ምሳዋንም ትጨርሳለች።

ጎረቤታችን አንዲት እናት ያን ዕቃ ስጡኝ ብለው መጥተው ነበር፣ እሳቸውም ግፊት አለባቸው። መጀመሪያ ኩላሊትዎን ይመርመሩ፣ መድኃኒትዎንም ለሐኪሙ ያሳዩ አልኳቸው። ማክሰኞ ልጃቸው ይወስዳቸዋል።