ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት የምታቆሙበትን ቦታ ፈልጉ

ከአራት ኪሎ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ የምመላለሰው በሳይክል ነው። ስጀምር አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ሳይክሉን መርካቶ ገዛሁ። ፍሬኑንና ካቴናውን አስፈተሽኩ፣ መብራት አስገጠምኩ፣ እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ መንገዱን ሞከርኩት። መንገዱ ተሻሽሏል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚወስደው መስመር የሳይክል መንገድ ወጣለት። በፊት ከሚኒባስና ከሃይገር ጋር መጋፋት ነበር።

ጣጣው የመጣው ስደርስ ነው።

"ሳይክል አይገባም" አሉኝ ጥበቃው።

"ጋሼ፣ እኮ እዚሁ ነው የምሠራው።"

"አንቺ ግቢ ልጄ፣ እሱን ግን አላስገባም፤ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።"

እሳቸው ላይ አልፈርድም። የሕንፃው አስተዳደር ግን ማመልከቻ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። የመሥሪያ ቤትሽ ማህተም የለበትም ተባልኩ። አስመታሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ነይ። ነገ ስመጣ መስክ ወጥተዋል። በስንት ምልልስ ሳገኛቸው "ማቆሚያው የመኪና ነው፤ ሳይክል ታርጋ የለው፣ በምን እንመዘግበዋለን?" አሉኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል! ምድር ቤቱ ውስጥ ከጀነሬተሩ ጎን፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ መኪና ሊዞርበት የማይችል ጥግ አለ። ወለሉ አቧራ ጠጥቷል፤ የጎማ ምልክት እንኳ የለበትም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ሳይክሌን ውጭ አጥር ላይ አስር ነበር። አንድ ቀን ኮርቻውን ነቅለው ወሰዱት።

ነገሩ የተፈታው ሕንፃው ውስጥ ሳይክል የሚነዱ ሌሎች ሰዎች አፈላልጌ አብረን ስንፈርም ነው። ጥጉን በሜትር ለካን፣ ፎቶ አነሳን፣ "ይህን ቦታ ስጡን" ብለን ለይተን ጠየቅን። ፈቀዱ። ስለዚህ "ሳይክል ይፈቀድልኝ" ብላችሁ አትጻፉ፤ ቦታውን ራሳችሁ አሳዩአቸው።

የከተማውን መንገድ የሚያቅዱ ሰዎችም ይስሙ። አስፋልት ላይ መስመር ማስመር ግማሽ ሥራ ነው። ሕንፃ ሲፈቀድ የመኪና ማቆሚያ እንደሚጠየቀው ሁሉ የሳይክልም ይጠየቅ። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ወደ አሥር ሳይክል ይቆማል።

ሌላው ደግሞ፣ ሁሌም በሳይክል መስመሩ ብቻ ንዱ የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፉ ሞልቶ ወደ መስመሩ ሲፈስ ወርዳችሁ ግፉ። ደወል እየነካካችሁ እግረኛ አታስደንግጡ። የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛውን ጉዞውን የሚሄደው በእግሩ ነው፤ ቅድሚያ ለእሱ ነው።

ሳይክሉ ማርሽ ያለው ይሁን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ማታ ከመስቀል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ ያለውን ዳገት ያለ ማርሽ አትወጡትም። ሰንሰለት ስትገዙም ወፍራሙን ምረጡ፤ ኮርቻውንም አብራችሁ እሰሩት።