ማርሽ ቆጥሬ ጅሬን ስወጣ

ኮርስ ሳይክል ይዞ ከጅማ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣ ሰው ጉልበት ብቻውን አያዋጣውም። እኔም ማርሼን በደንብ ለማወቅ የተነሳሁት ለዚያ ዳገት ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጥርሶቹን ቆጠርኩ። ፊት ላይ ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ አለኝ። ከኋላ ትንሹ 11፣ ትልቁ 28 ነው። የፊቱን ለኋላው አካፈልኩ። የሚመጣው ቁጥር ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ ስንቴ እንደሚዞር ይናገራል። 50 ለ28 ሲካፈል 1.79 ገደማ ነው። 34 ለ19 ሲካፈልም ያው 1.79! ለእግር ሁለቱ አንድ ናቸው። ለሰንሰለቱ ግን በጣም ይለያያሉ። ትልቅ ከትልቅ ሲገጥም ሰንሰለቱ ወደ ጎን ተጣሞ ይጎተታል፣ ይንጫጫል፣ ጥርሱንም ይበላል። በ34 እና በ19 ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትንሽ ከትንሽ ማጋጠምም እንደዚያው ነው። እኔ ሁለቱንም ጨርሶ ትቻቸዋለሁ።

ዳገት ላይ ዋናው ነገር ሰዓቱን ማወቅ ነው። የፊቱን ማርሽ የምቀይረው ዳገቱ ሳይጀምር፣ ፔዳሉ ገና ቀሎ ሳለ ነው። ቆሞ እየረገጡ መቀየር ሰንሰለቱን ከጥርሱ ያስወጣዋል፣ ሲብስም ይበጥሰዋል። መቀየሪያውን ስነካ እግሬን ላላ አደርጋለሁ፤ ማዞሬን ግን አላቋርጥም። ፊት ወደ 34 ስወርድ ከኋላ አንድ ሁለት ማርሽ አከብዳለሁ፤ አለዚያ እግር በባዶ ይሽከረከራል። ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ይመቸኛል፤ ጉልበቴም አይጎዳም።

ሌላው ጭቃው ነው። ጅማ ዝናብ አይጠፋትም፤ ቀዩ አፈር ከዘይት ጋር ሲቦካ እንደ ሞረድ ይሞርዳል። ቤት እንደገባሁ ሰንሰለቱን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ሲደርቅ በየመጋጠሚያው የሳይክል ዘይት ጠብ አድርጌ ትርፉን አነሳለሁ። እባካችሁ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፤ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት።

ሰንሰለት ሲያረጅ ስለሚረዝም፣ በየጊዜው ደግሞ በማስመሪያ እለካዋለሁ። አዲስ ሰንሰለት ከአንድ ፒን (መጋጠሚያውን ከሚያያይዘው ትንሽ ብረት) መሃል ተነስቶ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሃል ድረስ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ30.6 ካለፈ እቀይረዋለሁ። የኋላው ማርሽ አንዴ ከተበላ አዲስ ሰንሰለት ሲገባበት ይዘላል፤ ያኔ ሁለቱንም መግዛት ግድ ይሆናል።